የመህሬ መጋዞች

ባሌ ጀማል በጎንደር ከተማ መጥረቢያ ከሚያነሱት ሁሉ ስሙ የተጠራ ነበር። ባሌ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የምለው፤ ያናደደኝ ቀንም ይህንኑ እላለሁ። ግንድ ገና ከማኪና ሲወርድ ዞር ዞር ብሎ ያየዋል፣ "በዚህ በኩል ነው እሺ የሚለው" ይላል፣ አንዴ ያሳርፍበታል፣ ግንዱ ለሁለት ይከፈላል። አዲስ ዓለም ሰፈር ከአባቱ የወረሰው ጓሮ ነበረን፤ ማገዶ የምንሸጠው እዚያ ነው። እሱ ይፈልጣል፣ እኔ እሸጣለሁ። ለሚያጉረመርም ደንበኛ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ በዱቤ የሚለውንም የማባርረው እኔው። ምላሴን የሚጠላ ሰው እንኳ እንጨታችንን አይጠላም ነበር።

ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ክረምት መውጫ፣ ግንድ ሲራገፍ አምልጦ የጀማልን ቀኝ ትከሻ መታው። ወጌሻም አሸው፣ ሐኪምም አየው፣ ዳነ ተባለ። ግን ክንዱ ከደረቱ በላይ አልነሳ አለ። ከደረት በላይ በማይነሳ ክንድ ደግሞ መጥረቢያ አይሠራም። ጀማል ይህን ሲያውቅ መጥረቢያውን በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተተው፤ እኔ ግን ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

"ሰው አትቀጥሩም ነበር?" ትሉኝ ይሆናል። ጥቅምት ነበራ! በጥቅምት የደጋው ጉልበተኛ ሁሉ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሳንጃና ወደ ቆላው ይወርዳል። የቀረ ወንድ ካገኛችሁ ወይ አርጅቷል ወይ ሰነፍ ነው። እኛ ደግሞ ከጉዳቱ በፊት አምባ ጊዮርጊስ ላይ አያ ታከለ ከሚባሉ ገበሬ ባሕር ዛፍ በቁሙ ገዝተናል። ዛፉ ቆሟል፣ የሚቆርጠው የለም። ዋናው ደንበኛችን የሆነው ዳቦ ቤት ደግሞ "እስከ ቅዳሜ አንድ ማኪና እንጨት ካልገባልኝ ከሌላ ሰው እገዛለሁ" አለን።

ይህን የጀማል ታላቅ ወንድም ሁሴን ሰማ። ሁሴን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ለሰው የሚበጀውን ከባለቤቱ በፊት እኔ አውቃለሁ የሚል ነው። ሰኞ ዕለት ከች አለ።

"ጀማል፣ ለጓሮው ገዥ አግኝቼልሃለሁ። ቅዳሜ ይመጣል። ትሸጥለትና እኔ ሱቅ ቁጭ ብለህ ትሠራለህ" አለው።

"ዳቦ ቤቱስ?" አልኩ ከበሩ ላይ ሆኜ።

"ዳቦ ቤቱ የሚፈልገው እንጨት ነው ዘሐራ፤ ምላስ አይነድም።"

ጀማል አቀርቅሮ "እስኪ ቅዳሜ ይድረስ" አለ። "አልሸጥም" ቢል ደስ ባለኝ፤ "እሸጣለሁ" ቢል እንኳ እጣላው ነበር። "እስኪ ይድረስ" የሚለው ግን ጀማል አልነበረም። ጓሮው ከተሸጠ ባሌ ዕድሜውን ሙሉ በወንድሙ ሱቅ የሰው ሚዛን ሲጠብቅ እንደሚኖር ታየኝና ደሜ ፈላ።

ማክሰኞ ጠዋት ከሣጥኔ ወርቄን አወጣሁ። የመህሬ ወርቅ ነው። ለማታውቁት፣ መህር ኒካሕ ሲታሰር ባል ለሚስቱ የሚሰጣት ሀብት ነው። ከዚያ በኋላ እሱም፣ አባቷም፣ ወንድሙም አያዝበትም፤ የራሷ ነው። ለአራስ ቤትም ለሠርግም ሳላወጣው፣ ለክፉ ቀን ብዬ ያቆየሁት ነበር። ክፉው ቀን መጣ። ወስጄ ሸጥኩትና ተመለስኩ።

"ተነስ ጀማል። የሞተር መጋዝ ልንገዛ ነው።"

"ማን ሊይዘው?"

"እኔ።"

ሳቀ። ከተጎዳ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። "ሚስቱ ዛፍ ቆራጭ ሆነች ሊሉኝ?"

"ይበሉህ" አልኩት። "ጓሮውን ሸጦ ከወንድሙ ሥር ገባ ከሚሉህ ይሻላል።"

ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ግን ጫማውን አደረገ።

አያ ታከለ በዚያ ቀን ለጉዳይ ከተማ ገብተው ነበር። ነገሩን ሲሰሙ "ባሕር ዛፌ ውስጥ የሚገባውን እንግዳማ ሳላየው አይሆንም" ብለው ተከተሉን። እሳቸው በወገራ በሬ በመምረጥ የሚታወቁ ናቸው። በሬ የሚገዛ ሰው ሳያማክራቸው ገበያ አይወጣም። ጀማልም በሳቸው መምጣት ደስ አለው፤ ከኔ ጎን ብቻውን መቆሙ ሳይከብደው አልቀረም።

ፒያሳ አጠገብ ያለው ሱቅ ገባን። ሻጩ ኑሩ የሚባል ጎልማሳ ነው። እኔን አልፎ "ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?" አለ ለጀማል።

"የሞተር መጋዝ" አልኩ እኔ።

"ጋሼ፣ ምን ዓይነት ነው የሚፈልጉት?" አለ አሁንም ለጀማል።

ሁለት ክንድ የሚያህል ምላጭ ያለውን ትልቁን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። "ይኼ ነው የወንድ መጋዝ" አለ።

አያ ታከለ ዞሩት። ከፊቱ አዩት፣ ከኋላው አዩት፣ ሆዱን መታ መታ አደረጉት። ጥርሱን ሲያዩማ ሳቄ መጣ፤ በሬ ሲመርጡ ያየ ሰው ይገባዋል። "ሸጋ ነው" አሉ። "ቁመቱም ደልዳላ ነው። ወንድሙ አለ? አንድ ዓይነት ይሁኑ።"

"ሁለት ተመሳሳይ አለኝ አባቴ" አለ ኑሩ ደስ ብሎት።

"እንዲህ ነው እንጂ። ጥማድ እኩል ካልሆነ ሥራ የለም።"

ጀማልም ራሱን ነቀነቀ። ሦስቱ ወንዶች ተስማሙ። ሻጩ ማሸጊያ ካርቶን መፈለግ ጀመረ።

"ቆይ" አልኩ። "ሳይነሳ፣ ሳይቆርጥ ልገዛ ነው?"

"እዚህ አይነሳም እቴ፣ አዲስ ዕቃ ነው።"

አያ ታከለ ይህን ሲሰሙ ዱላቸውን ወለሉ ላይ ደቅ አድርገው "ምነው? በሬ እንኳ ተጠምዶ ታይቶ ነው የሚገዛ! ሳይታይ የሚሸጥ ነገር ሌባ የነካው ነው" አሉት። እኔ በሆዴ መረቅኋቸው። ኑሩም ሌላ ገበያተኛ ሳይሰማ ብሎ ወደ ጓሮው ወሰደን። ከደጅ የወደቀ አሮጌ የባሕር ዛፍ ግንድ ነበር።

መጀመሪያ ጀማል ልሞክር አለ። ትልቁን መሬት ላይ በእግሩ ረግጦ ገመዱን በግራ እጁ ሳበ። አልነሳም። ደገመ። አልነሳም። ኑሩ ፈገግ ሲል አየሁት። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ጀማል እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ አጥሩ ዞረ፤ እኔም ቀሚሴን ጠቅለል አድርጌ ገመዱን ያዝኩ።

ተነሳ። ጩኸቱ! ሰፈሩ ሁሉ የሰማው መሰለኝ። ኑሩ እግሬን እንዴት እንደምተክል፣ ምላጩ ሲዘል ከፊቴ እንዴት እንደማርቀው አሳየኝ፤ ይህን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ በደንብ አሳይቶኛል። ግንዱን ቆረጥኩ። ግሩም አድርጎ ይቆርጣል። ግን ሦስተኛው ቁራጭ ላይ ስደርስ ክንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ወገቤ ጮኸ። አጠፋሁት።

"አይሆነኝም" አልኩ።

"አላልኳችሁም? የወንድ ነው" አለ ኑሩ።

"የወንድም አይደለም። አንዱን ዛፍ ለሚጥል ጎረምሳ ይሆን ይሆናል። እኔ የምቆርጠው ከጠዋት እስከ ማታ ነው። የአያ ታከለ ዛፍ ደግሞ ጭን ቢያክል ነው እንጂ ዋርካ አይደለም። እነዚያን አምጣቸው" አልኩና መደርደሪያው ላይ ጥግ የያዙትን አሳየሁት። አንዱ መካከለኛ ነው፤ ሌላዋ ቅርንጫፍ የምትመለምል ቀላል፣ ሴት ልጅ በአንድ እጅ የምታነሳት። አስነስቼ ሞከርኳቸው። መካከለኛው ግንዱን ሳይቸኩል ጨረሰው። ትንሿ ቅርንጫፉን እየነጠለች ሄደች፤ ክንዴም አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ የሁለቱን ሰንሰለት ጎን ለጎን አድርጌ ጥርሳቸውን አየሁ፤ አንድ ዓይነት ነው። "በአንድ ሞረድ ይሳላሉ?" አልኩት። "ይሳላሉ" አለ። "አንድ ዓይነት የዘይትና የቤንዚን ቅልቅል ይጠጣሉ?" "ይጠጣሉ።"

"በቃ። አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚህ።"

አያ ታከለ ደነገጡ። "አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ? ምነው ልጄ! ትልቁ ትንሿን እየጎተተ ይገላታል እኮ። እኩል ያልሆነ ጥማድ የት ያርሳል?"

"አያ ታከለ፣ አንድ ቀንበር ላይ ማን ጠመዳቸው? አንዱ ይጥላል፣ አንዷ ትመለምላለች።"

"የምታውቂው ነገር የለም" አለ ጀማል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ሰው ፊት ስለነበርን አፍሯል። "ትልልቆቹን ግዢ። እኛ እንጨት ስንሠራ የኖርን ነን።"

ኑሩም "ጋሼ ትክክል ናቸው" አለና ትልልቆቹን እንደገና ወደ ካርቶን ከተተ። እኔ እንዳልቆምኩ፣ እንዳልተናገርኩ።

"ስማኝ ኑሩ" አልኩ፤ ድምፄ ሱቁን አልፎ መንገድ ላይ ሳይሰማ አልቀረም። "ገንዘቡ የመህሬ ነው። በመህሬ ማንም አያዝም፤ ያዘዘልኝ አላህ ነው። ባሌ እንኳ አያዝበት፣ አንተ ከየት መጣህ? የጠየቅኩህን ስጠኝ፤ አለዚያ ሌላ ሱቅ እሄዳለሁ።"

ኑሩ ሙስሊም ነውና ቃሉ ገብቶት ትልልቆቹን ከካርቶን አወጣ። አያ ታከለ ምኑንም ሳይረዱ "እህ፣ የራሷ በሬ ከሆነማ የራሷ ነው" አሉ። ሁለቱ መጋዞች ታሽገው ሲወጡ ጀማል ትንሿን በግራ እጁ ያዘልኝ፤ ግን መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ።

ረቡዕ በማለዳ አምባ ጊዮርጊስ ደረስን። በጀማል ሱሪ ላይ ቀሚሴን ለብሼ፣ ሻሼን ሰንሰለት እንዳይዘው ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጌ አስሬያለሁ። የመንደሩ ሴቶች አጥር ላይ ተደርድረዋል። "ምነው፣ ጎንደር ወንድ አለቀ?" አለች አንዷ። "አላለቀም፣ ሰሊጥ ላይ ነው! የናንተም እዚያው ነው" ብላት ሳቀች።

አያ ታከለ ግን አልሳቁም። የባሕር ዛፍ ሀብቱ ያለው ጉቶው ላይ ነው። ዝቅ ብሎ፣ ሳይሰነጠቅ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ዘንበል ብሎ ከተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ይሸጣል። ካበላሹት ይሞታል። በሞተር የተቆረጠ አያቆጠቁጥም የሚል ወሬም ሰምተዋል።

"የመጀመሪያዋን አያታለሁ" አሉኝ። "ጉቶዬን ከገደልሽብኝ ማኪናሽን አዙረሽ ትሄጃለሽ። ቃል ነው።"

"ቃል ነው" አልኩ።

ጉልበቴን መሬት ላይ አድርጌ፣ ዛፉ ሊወድቅ በሚገባው በኩል ቆርሼ አፍ አወጣሁለት። ከዚያ ከኋላው ገባሁ። ሲንቋቋ ወደ ጎን ሸሸሁ። ወደቀ፤ ያልኩት ቦታ ላይ ወደቀ። አያ ታከለ መጥተው ቁጢጥ አሉ። ጉቶውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። እንደ ተላጨ ራስ ለስላሳ ነው። ብዙ ካሰቡ በኋላ ተነሱና "ቀጥይ" አሉኝ።

ጀማል ጋቢውን ተከናንቦ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ቅርንጫፉን በመጥረቢያ የምትመለምልልኝ ውዴ የምትባል የአያ ታከለ ምራት ነበረች፤ ባሏ ሳንጃ ወርዷል። ከሰዓት በኋላ መጥረቢያዋን ጥላ መጣች።

"ትንሿን እስኪ ስጭኝ።"

"ምነው፣ አንች ደግሞ!" አሉ አማቷ።

"አባቴ፣ ልጅዎ ሳንጃ ነው፤ እንጨቱ ግን እዚህ ነው" አለቻቸው። አሳየኋት። የደጋ ልጅ ናት፣ ክንዷ ብረት ነው፤ ሲመሽ ከኔ በላይ ትመለምል ነበር። ከዚያ በኋላ አጥር ላይ ያሉት ሴቶች መሳቅ ትተው ማየት ጀመሩ።

ሐሙስ ከሰዓት ነው ጉዱ የመጣው። ከአያ ታከለ ቤት አጠገብ አንድ ወፈር ያለ ዛፍ አለ። አፉን አወጣሁ፣ ከኋላ ገብቼ ግማሹን ስቆርጥ ድንገት ነፋስ ተነሳ። ዛፉ ወደ ኋላው ተቀመጠና መጋዙን ነከሰው። ምላጩ ግንዱ ውስጥ ቀረ። ብጎትት አይወጣም። ቀና ስል የዛፉ ጫፍ ከቆርቆሮው በላይ ይወዛወዛል። በቤቱ ውስጥ የአያ ታከለ ባለቤት አሉ። እጄ መጋዙን አለቅም አለ።

"አጥፊው! ዘሐራ፣ አጥፊውና ልቀቂው!"

ጀማል ነው። ጋቢው ድንጋዩ ላይ ቀርቷል፤ የእንጨት ሽብልቅ ይዞ ሮጦ መጥቷል። አያ ታከለን "ሰው ከቤት ያስወጡ!" አላቸው። ከዚያ ዛፉን ዞረው፤ ያው ግንድ ከማኪና ሲወርድ የሚዞረውን ዙረት። ቀና ብሎ ጫፉን አየ፣ ነፋሱን ጠበቀ።

"ትንሿን አምጭ። በዚህ ጎን፣ ከተነከሰው ዳር ግቢ። ቀስ፣ ቀስ... በቃ። ውዴ፣ ሽብልቁን እዚያ ስፍራ ላይ ሰክተሽ በመጥረቢያው ጀርባ ምቺ። ደግሚ! ነፋሱ ሲመለስ ነው የምትመቺው። አሁን!"

ሽብልቁ ሲገባ ዛፉ አቃሰተ፣ የተነከሰው ስፍራ ተከፈተ፣ መካከለኛውን መጋዝ መንጭቄ አወጣሁት። "ወደ ጎን! ወደ ጎን ሩጡ!" አለ ጀማል። ዛፉ ከቤቱ ተቃራኒ ተዘረጋ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ተናወጠ። አያ ታከለ አማተቡ፣ እኔ "አልሐምዱሊላህ" አልኩ፣ ውዴ እያለቀሰች ትስቃለች።

ጀማል ከዛፉ አጠገብ ቁጭ አለ። ቀጥሎ "ሰንሰለቱ ዶልዱሟል፣ ሞረዱን ስጭኝ" አለኝ። መጋዙን ጭኑ ላይ አድርጎ ጥርሱን አንድ በአንድ መሳል ጀመረ። ሞረድ ከደረት በላይ መነሳት አይፈልግም። ተቀምጬ አየሁት፤ ከጉዳቱ ወዲህ የናፈቀኝ ባሌ ነበር። "ኑሩ ያቀረበልንን ትልልቆቹን ገዝተን ቢሆን በዚያ ጎን አይገቡም ነበር" አለ ቀና ሳይል። ከጀማል ይህ ትልቅ ይቅርታ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ማኪናችን ግንዱን እንደተሸከመ ጓሮ ገባ። ሁሴን ከገዥውና ከሁለት ምስክሮች ጋር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። ገዥው ሰውዬ ጓሮውን ቀድሞ በዓይኑ እየለካ ነበር።

ሁሴን ሱሪዬን አየ፤ ከዚያ ፊቱን አዞረ። "እንጨቱ መጣ፣ ደግ" አለው ለጀማል። "የሚቀጥለው ወርስ? ሁልጊዜ ሚስትህን ጫካ ስትሰድ ልትኖር ነው? ሰዎቹ ጊዜ የላቸውም። ፈርምና ይለቅ።"

እኔ ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ዝም ማለት ዛፍ ከመጣል ይከብድ ነበር። መጋዙ የኔ ነው፣ ጓሮው ግን የጀማል ነው፤ የመህሬን ቃል የተናገርኩ ሴት በሱ ሀብት ላዝ አልችልም።

ጀማል ወደ ወንድሙ ሄደ። "ሁሴን፣ ጓሮው የኔ ነው። መጋዙ የሷ ነው። ጓሮውን ብሸጥ የሷን ሀብት የት ላስቀምጠው ነው?" አለው። ቀጥሎም ወደ ገዥው ዞሮ "ወንድሜ፣ አደከምንህ፣ አይሸጥም" አለ።

"ሰው ምን ይላል?" አለ ሁሴን።

አሁንማ ምላሴን ማን ይይዘዋል! "ሰው ዳቦ ሲበላ ምንም አይልም" አልኩት።

መካከለኛውን መጋዝ አስነሳሁና የመጀመሪያውን ግንድ እዚያው ፊታቸው ለዳቦ ቤቱ ምድጃ ልክ መቆራረጥ ጀመርኩ። ሰጋቱራው የገዥው ሰውዬ ነጭ ጋቢ ላይ ዘነበ። አራግፎ አልጨረሰም፤ ወጥቶ ሄደ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው አጨበጨበልኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ሁሴን ዓመት ሙሉ ቤታችን አልመጣም። ሱሪ ለበሰች ብለው ሰላምታ የነፈጉኝ ጎረቤቶች አሉ። "ዘሐራ ሞተሯ" የሚል ስም ወጣልኝ፤ መጀመሪያ ከፋኝ፣ ኋላ ስጠራበት አቤት እላለሁ። ውዴና ባሏ፣ እሱ ከቆላ ሲመለስ፣ ተጣሉ፤ ታረቁም። በቀጣዩ ጥቅምት ግን ባሏ ወደ ሳንጃ አልወረደም፤ ሁለቱም ከኛ ጋር ቆረጡ።

በኔ ላይ የተለወጠው ይኼ ነው፤ ከዚያ በፊት ራሴን የጀማል ምላስ ብቻ አድርጌ ነበር የማየው። ክንዱ ሲቀር እኔም የቀረሁ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ለሴት ልጆቼ ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ፤ የራሳችሁ የሆነውን ከሣጥን አውጡት፣ ስትገዙበትም እናንተ ምረጡ። ባል ቢቆጣ ይቆጣ። ሻጩ ከጎናችሁ ለቆመው ወንድ ሲያወራ ዝም ብላችሁ ከወጣችሁ፣ የሌላ ሰው መጋዝ ተሸክማችሁ ነው የምትገቡት። ወንዶችም ብትቆጡ ተቆጡ፤ የኔው ሰውዬ ተቆጥቶ ነበር፣ ዛሬ ከጎኔ ሆኖ ሰንሰለት ይስላል።

አሁን ይህን ሳጫውታችሁ አዲስ የመጣ ጎረቤት አጥሩን እየመታ "እናትዬ፣ ጩኸቱ አልበዛም?" ይላል። በዝቷል። ጆሮውን ይያዝ። ዳቦ ቤቱ እየጠበቀ ነው፤ እኔ ደግሞ የምቆርጠው አለኝ።